አንድ ብድር፣ ሦስት ሂሳብ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የተከበሩ አማካሪ፤

የምኖረው በዩሮ በሚገበያይ አገር ሲሆን ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው በዶላር በሚገበያይ አገር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ትምህርቴን ለመጨረስ ገንዘብ አጥሮኝ 6,000 ዶላር አበደረኝ። ያን ጊዜ አንድ ዩሮ በ1.10 ዶላር ይመነዘር ነበር፤ ሂሳቤ ውስጥ የገባው ግን 5,310 ዩሮ ነው። በቅርቡ ሥራ ይዤ፣ አጠራቅሜ ልመልስለት ስነሳ ስልኬ ላይ የምንዛሪ ተመኑን አየሁ፤ አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር ሆኗል። ልጄ በ1.20 አባዝቶ «7,200 ዩሮ ትከፍያለሽ» ሲለኝ ክው አልኩ። ኋላ ሳካፍለው 5,000 ዩሮ ሆነልኝና እሱኑ ላክሁ።

ለወንድሜ የደረሰው 5,850 ዶላር ነው። «ደርሶኛል፤ 150 ጎድሏል» የሚል አጭር መልእክት ጻፈልኝና ከዚያ ወዲህ እንደ ወትሮው አይደውልም። እኔ ደግሞ ያየሁትን ተመን ይዤ አሟልቼ ከፍያለሁ ባይ ነኝ። ባለቤቴ በበኩሉ ሁለታችንም ተሳስታችኋል ይላል፤ «የተቀበልሽው 5,310 ዩሮ፣ የመለስሽው 5,000 ዩሮ፤ ስለዚህ 310 ዩሮ ዕዳ አለብሽ» ነው የሚለው። ባለፈው በስልክ ሲነጋገሩ እሱ «ዩሮ 9 በመቶ ጨምሯል» ሲል ወንድሜ «የለም፣ ዶላር የወረደው 8 በመቶ ነው» ብሎ በዚያም አልተግባቡም። እውነት ዕዳዬ ስንት ነው? ወንድሜን ሳላስቀይም እንዴት ልመልስ? የሚቀር ካለስ አሁን ልላክ ወይስ ዩሮው ይበልጥ እስኪጠነክር ልጠብቅ?

ግራ የተጋባችው እህት

መልስ

ውድ እህቴ፤

የቆየ ውለታ ለመመለስ ከደመወዝ ላይ ቆጥቦ፣ አስልቶና ልኮ ሲያበቁ «ጎድሏል» መባል ያማል፤ ቅር ቢልዎት አልፈርድብዎትም። ወንድምዎም በበኩላቸው 6,000 ሰጥተው 5,850 ሲገባላቸው፣ ምክንያቱንም የሚያስረዳ ሰው ሳይኖር ሲቀር፣ ቢከፋቸው የሚገርም አይደለም። ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርዎ የምፈልገው ግን በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አለማታለሉን ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ እርስዎ በጻፏቸው ቁጥሮች ውስጥ ራሱ ተጽፎ ይገኛልና አብረን እንየው።

የላኩበትን ደረሰኝ ያውጡና የደረሰውን ገንዘብ ለላኩት ያካፍሉት። 5,850 ለ5,000 ሲካፈል 1.17 ይሆናል። እንግዲህ ገንዘብዎ የተመነዘረበት ተመን ይህ ነው፤ ስልክዎ ያሳየዎት 1.20 አይደለም። አሁን ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመቱን በዚያው መንገድ ይመልከቱት። ወንድምዎ የላኩት 6,000 ዶላር፣ እርስዎ የተቀበሉት 5,310 ዩሮ፤ ሲካፈል 1.13 ገደማ ይመጣል። የዚያን ዕለት ተመን 1.10 እንደነበር ነግረውኛል፤ በዚያ ቢመነዘር ኖሮ ወደ 5,455 ዩሮ ይደርስዎት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሲመጣ ወደ 145 ዩሮ፣ አሁን ሲመለስ ደግሞ 150 ዶላር መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ገንዘብ በወንድምዎ ኪስም ሆነ በእርስዎ ኪስ የለም፤ ለመነዘሩላችሁ ተቋማት የገባ ነው። ወንድምዎ በመጀመሪያው ጉዞ የቀረውን 145 ዩሮ ምናልባት እስከ ዛሬ አያውቁትም፤ እርስዎም ያን ጊዜ «ጎድሏል» አላሏቸውም። ይህንን ሁለታችሁ አብራችሁ ብታዩት ቅሬታው የሚረግብ ይመስለኛል።

ስልክ ላይ የሚታየው ተመን ለምን በእጃችን አይገባም ለሚለው መልሱ ይህ ነው። ታላላቅ ባንኮች እርስ በርስ ሲገበያዩ አንዱ የሚገዛበትና ሌላው የሚሸጥበት ዋጋ ይለያያል፤ ስልኩ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱን መካከል ነው። እንደ እርስዎና እንደ እኔ ያለ ደንበኛ ወደ ባንክ ወይም ወደ ገንዘብ አስተላላፊ ሲሄድ ከዚያ መካከለኛ ዋጋ ወዲህ ወይም ወዲያ የተገፋ ተመን ይሰጠዋል። ዩሮ ሲሸጡለት በርካሽ ይገዛዎታል፣ ዩሮ ሲገዙት በውድ ይሸጥልዎታል፤ ልዩነቱ የአገልግሎቱ ዋጋ ነው። የእርስዎ ልዩነት ከመቶ 2.5 ያህል ሆኗል። አንዳንዱ ተቋም «ያለ ኮሚሽን» ብሎ የሚያስተዋውቀው ኮሚሽኑን ተመኑ ውስጥ አስገብቶ ስለሚጨርሰው ነው፤ ስለዚህ የክፍያውን ዝርዝር ብቻ አይቶ «ምንም አልተቆረጠብኝም» ማለት አይበቃም። ወደፊት ሁለት አስተላላፊዎችን ሲያነጻጽሩ ክፍያቸውንም ተመናቸውንም ይተዉና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፦ ይህን ያህል ዩሮ ብሰጣችሁ ተቀባዩ እጅ ስንት ዶላር ይገባል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ዕዳዎ ስንት ነው? ይህን ለመመለስ ከተመኑ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ወንድምዎ ያበደሩት ምንድን ነው? በደብዳቤዎ «6,000 ዶላር አበደረኝ» ብለዋል፤ «5,310 ዩሮ አበደረኝ» አላሉም። ስታወሩ የተነሳው በዶላር ከሆነ፣ ወንድምዎም ከሂሳባቸው ያወጡት ዶላር ከሆነ፣ ብድሩ የዶላር ብድር ነው፤ የሚመለሰውም 6,000 ዶላር ነው። በዚህ አካሄድ የሚቀርብዎ 150 ዶላር ይሆናል። በመካከላችሁ የተለየ ስምምነት ከነበረ፣ ለምሳሌ «የደረሰሽን ያህል ትመልሻለሽ» ተባብላችሁ ከነበረ፣ መልሱ ይለወጣልና የዚያን ጊዜ መልእክቶቻችሁን መለስ ብለው ቢያነቡ መልካም ነው።

ባለቤትዎ «310 ዩሮ ዕዳ አለብሽ» ያሉት ከቅንነት መሆኑን አያለሁ፤ ለወንድምዎ የሚያዳላ ሂሳብ ነውና ክፉ ሐሳብ የለበትም። ሆኖም አንድ ነገር ቀስ ብለው ይጠይቋቸው፦ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ዩሮ ጠነከረ እንጂ ቢዳከምና አንዱ ዩሮ በአንድ ዶላር ቢመነዘር ኖሮ ያኔም 5,310 ዩሮ ብቻ እንመልስ ይሉ ነበር? ባንኩ እንደ አሁኑ 3 ሳንቲም ቢቀንስ ተመኑ 0.97 ይሆናል፤ 5,310 ዩሮ ተመንዝሮ ለወንድምዎ የሚደርሳቸው 5,151 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። አበዳሪው 849 ዶላር ያጡ ነበር። ስለዚህ ብድሩን በዩሮ መቁጠር ዛሬ ለወንድምዎ ደግ ቢመስልም፣ ደንቡ ራሱ የምንዛሪውን ሥጋት ከተበዳሪ አንሥቶ በአበዳሪ ትከሻ ላይ የሚጭን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አጋጣሚው ዛሬ ለእርስዎ ስለበጀ ሙሉውን 6,000 ዶላር ቢያደርሱ እንኳ የሚያወጡት ከተቀበሉት ያነሰ ነው፤ በ1.17 ሲካፈል 5,128 ዩሮ ከ21 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ትርፍ ስርቆት አይደለም፤ ዩሮ ቢዳከም ኖሮ ከኪስዎ ለመጨመር የተሸከሙት ሥጋት ውጤት ነው።

ያ ሥጋት ደግሞ የምር ነው። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲያደርግ ቆይቶ ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ያለ ማስጠንቀቂያ ተወው፤ ፍራንክ በአንድ ማለዳ ሽቅብ ተወነጨፈ። በፖላንድና በክሮኤሺያ ደመወዛቸውን በአገራቸው ገንዘብ እየተቀበሉ ለቤት መግዣ በፍራንክ የተበደሩ ሰዎች ወርሃዊ ክፍያቸው በማያዙበት ምክንያት ከበደባቸው። በሌላ አገር ገንዘብ የሚበደር ሰው ከወለዱ ሌላ ይህንንም ይበደራል። በወንድምና በእህት መካከል ሲሆን ደግሞ «ተመኑ ከዚህ በላይ ቢለዋወጥ ልዩነቱን እኩል እንካፈላለን» ብሎ መስማማት ይቻላል፤ እኔ በግሌ ለቤተሰብ ብድር ከሁሉ የተሻለ አድርጌ የማየው ይህንን ነው። ግን የሚያምረው ብድሩ ሲሰጥ ሲነገር ነው፤ ተመኑ ከተለወጠ በኋላ ሲነሣ አንዱ ወገን መጎዳቱ አይቀርም።

የልጅዎን ስሌት ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነውና አይቆጡት። «አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር» ሲባል «አንድ» የተባለው ዩሮ ነው። ከዩሮ ወደ ዶላር የሚሄድ ያባዛል፣ ከዶላር ወደ ዩሮ የሚመለስ ያካፍላል። ማባዛት ወይም ማካፈሉ ከጠፋበት ደግሞ ይህን ብቻ ያስብ፦ ከሁለቱ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዩሮ ስለሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ሀብት የዩሮው ቁጥር ሁልጊዜ ከዶላሩ ቁጥር ማነስ አለበት። 7,200 ከ6,000 ስለሚበልጥ ስህተቱ ገና ሲታይ ያስታውቃል።

ማካፈሉን በማባዛት ለመተካት ቢፈልግ ሌላ ጉድጓድ አለ። አንድ ለ1.20 ሲካፈል 0.8333 እያለ የማያልቅ ቁጥር ነው፤ አሳጥሮ 0.83 ብሎ 6,000ን ቢያባዛ 4,980 ይመጣለታል፣ 20 ዩሮ ባዶ ሜዳ ላይ ይጠፋል። ዩሮ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የአውሮፓ ሕግ አውጪዎች ይህን አስቀድመው አይተውት ነበር። የነባሮቹ ገንዘቦች ተመን በስድስት አኃዝ ተወሰነ፤ አንድ ዩሮ 1.95583 የጀርመን ማርክ፣ 6.55957 የፈረንሳይ ፍራንክ ተባለ። ተመኑን ማሳጠርም ሆነ ገልብጦ ማባዛት በሕግ ተከለከለ፤ ከማርክ ወደ ዩሮ የሚሄድ ሁሉ በዚያው ቁጥር እንዲያካፍል ታዘዘ። ልጅዎም ተመኑን እንዳለ ይዞ ያካፍል፣ ማጠጋጋቱን ለመጨረሻው መልስ ያቆይ።

ባለቤትዎና ወንድምዎ በመቶኛ የተከራከሩበት ነገር ደግሞ የሚያሳዝነኝ ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነው። ዩሮ ከ1.10 ወደ 1.20 ዶላር ሲወጣ ጭማሪው 0.10 ሲሆን ለመነሻው 1.10 ሲካፈል 9.1 በመቶ ይሆናል። ዶላሩን ከወዲያ በኩል ካየነው አንድ ዶላር ከ0.909 ዩሮ ወደ 0.833 ዩሮ ወርዷል፤ ይህም 8.3 በመቶ ነው። መነሻው ስለሚለያይ የአንዱ ገንዘብ መውጣትና የሌላው መውረድ በመቶኛ እኩል ሆነው አያውቁም። አንድ ገንዘብ ግማሽ ዋጋውን ቢያጣ ሌላው በአንጻሩ እጥፍ ማለትም 100 በመቶ ጨመረ ይባላል። እንግዲህ ሁለቱን አስታርቁልኝ ቢባል እኔ የምላቸው እያንዳንዳቸው በኪሳቸው ያለውን ገንዘብ አስበው መናገራቸውን ነው፤ ይህንን እርስዎ ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሟችኋል።

ቀጥሎ ምን ያድርጉ? ወንድምዎ የማይደውሉት በ150 ዶላሩ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? ምናልባት እርስዎ ስለ ጉድለቱ ምንም ሳይመልሱ ስለቀሩ «ገብቷታል፣ ዝም አለችኝ» ብለው ይሆናል፤ ምናልባትም ያቺን አጭር መልእክት የጻፉት ለመውቀስ ሳይሆን ለማሳወቅ ያህል ነበር። ከዚህ ርቆ መገመት ለሁለታችሁም አይበጅምና ደውለው ድምፃቸውን ይስሙ። በመልእክት የሚልኩት ከሆነ ደግሞ እንዲህ ቢሉ አይከፋም፦ «ጋሼ፣ የላክሁልህ ስልኬ ላይ ባየሁት ተመን አስልቼ ነበር፤ ሲመነዘር ግን በ1.17 ነው የሠሩት። ያበደርከኝ 6,000 ዶላር ስለሆነ የቀረውን 150 ዶላር እኔ እሞላዋለሁ። ደረሰኙን አያይዤልሃለሁ። አንተ የላክህልኝ ጊዜም ወደ 145 ዩሮ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበርና የሚቀጥለውን ጊዜ የተሻለ መንገድ አብረን እንፈልግ።» መልሳቸው «ተይው፣ ይቅር» ከሆነ ደግሞ መቀበል ነውር የለውም፤ እርስዎ አስበውት እንደነበር ማወቃቸው ብዙ ይለውጣል።

ገንዘቡን ሲልኩ የመላኪያውን ገጽ ልብ ብለው ይዩት። ብዙዎቹ አስተላላፊዎች ሁለት አማራጭ አላቸው፤ አንዱ የሚልኩትን ገንዘብ እርስዎ የሚወስኑበት፣ ሌላው ተቀባዩ እጅ የሚገባውን የሚወስኑበት ነው። በዶላር ያለ ዕዳ ሲከፍሉ ሁለተኛውን ይምረጡና ተቀባዩ የሚያገኘው ላይ 150 ዶላር ብለው ይጻፉ፤ ከእርስዎ ሂሳብ ስንት ዩሮ እንደሚወጣ ማሽኑ ራሱ ያሰላዋል። በ1.17 ከሆነ 128 ዩሮ ከ21 ሳንቲም ነው፤ የመላኪያ ክፍያ ይጨመርበታል። ክፍያው በየላኩ ቁጥር የሚቆረጥ ቋሚ ገንዘብ ከሆነ ለትንሽ ገንዘብ ይከብዳልና በቅርቡ ለወንድምዎ ሌላ የሚልኩት ነገር ካለ አብረው ቢልኩት ይሻላል። ከተቀባዩ በኩል ያለው ባንክ ለመቀበያ የሚቆርጠው እንዳለም ወንድምዎን ይጠይቋቸው፤ ለዚህች ሳንቲም ደግሞ እንደገና «ጎደለ» እንዳትባባሉ።

ወደፊት በመካከላችሁ ሌላ ብድር ቢኖር በሁለት መስመር ብቻ ጻፉት፤ ብድሩ በየትኛው ገንዘብ እንደሚቆጠርና የምንዛሪውን ልዩነት ማን እንደሚሸከም። በስሌት ጊዜ ለሁለታችሁም አንድ የሆነ ተመን ካስፈለጋችሁ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ ከቀትር በኋላ የሚያወጣውን ማመሳከሪያ ተመን መውሰድ ትችላላችሁ። ባንኩ ራሱ ተመኑ ለመረጃ ብቻ መሆኑን ገልጾ ለግብይት እንዳይጠቀሙበት ይመክራል፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ዕዳውን ለመቁጠር እንጂ ማንም በዚያ ዋጋ ይመነዝርልናል ብሎ ለመጠበቅ አይደለም።

ዩሮው እስኪጠነክር ልጠብቅ ወይ ላሉት፣ ነገ ተመኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ለትልቅ ገንዘብም ቢሆን መጠበቁን አልመክርም፤ ለ150 ዶላር ደግሞ ይልቁንም። የባንኩ ተመን ከ1.17 ወደ 1.19 ቢወጣልዎት እንኳ የሚያድኑት 2 ዩሮ ከ16 ሳንቲም ነው። ለዚያ ብለው ወንድምዎን አያስጠብቋቸው፤ ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው።